ምጣዳችንን በቴሌቪዥን ያየው መርማሪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ አንድ ወጣትና ስለሠራው የቡና መፈልፈያ ማሽን ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሙኒክ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ርዕሱ «ወጣቱ ዓለም አቀፍ ፓተንት ሊያገኝ ነው» ይላል፤ ፓተንት ማለት አዲስ ፈጠራን ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይሠራው የሚከለክል መብት ነው። ወጣቱ ሦስት ዓምድ ሙሉ የማሽኑን አሠራር አንድ በአንድ ይተነትናል፤ ጥርሶቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ወንፊቱ ለምን እንዳዘነበለ፣ ገለባው በየት በኩል እንደሚወጣ። በፎቶግራፉ ላይ ደግሞ ክዳኑ ተነሥቶ የማሽኑ ሆድ ዕቃ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ በመጨረሻው አንቀጽ «ማመልከቻውን በውጭ አገር ለማስገባት በዝግጅት ላይ ይገኛል» ብላችሁ ዘግታችሁታል።

እዚያ ስደርስ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ወጣቱን አላውቀውም፤ የጻፈውንም ጋዜጠኛ አላውቀውም። ነገር ግን ያቺን ፎቶግራፍ አውቃታለሁ። የእኛ ቤት ፎቶግራፍ ናት።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጠግን 27 ዓመት ሆኖታል። ልጅ ሆኜ ጋሼ እለው ነበር፤ ዛሬም ጋሼ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን ገልብጦ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ከሸክላው ሥር እየዞረ ወደ መሐል የሚገባ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ይተኛል፤ ላዩ በጀሶ ይደፈናል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ጀሶው በመሮ እየተፈለፈለ መውጣት አለበት። እጅ ትንሽ ከከበደ ሸክላው አብሮ ይሰነጠቃል። ጋሼ እንደሚለው ምጣዱ የተሰነጠቀባት ሴት የምታዝነው ለሽቦው ወይም ለብሩ አይደለም። በጎመን ዘር ስታሟሸው ለከረመችው፣ እንጀራው ዓይን አውጥቶ ሳይጣበቅ ለሚነሣላት ለዚያ ገጽታ ነው። አዲስ ምጣድ ይገዛል፤ የተሟሸ ምጣድ ግን አይገዛም።

ስለዚህ ሽቦውን ከምጣዱ ለየው። ከምጣዱ ሥር አራት ቦታ የተከፈለ የሸክላ ገበታ አደረገ፤ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ እንደሚቆረስ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ሽቦ አለው፤ በጎን በኩል እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣል። ቁራጩ ከምጣዱ ሥር ተለጥፎ እንዲቆም ከታች ጠፍጣፋ ሞላ ይገፋዋል። የተቃጠለው ቁራጭ ብቻ ይለወጣል፤ ምጣዱ ከቦታው አይነቃነቅም። አራት ዓመት ለፍቶበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለቁት በሞላው ላይ ነው፤ ሞላ እየጋለ ሲሄድ ይልማል።

ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጋበዘው። ጋሼ የሠርጉ ቀን የለበሰውን ኮት ለብሶ ቀረበ። 11 ደቂቃ ነው። አዘጋጁ «እስቲ ለተመልካቾቻችን ያሳዩን» ሲለው ምጣዱን አስቀምጦ አራቱንም መሳቢያዎች አንድ በአንድ እየሳበ አሳየ፤ ሞላውን ፈትቶ አሳየ፤ መልሶ ገጠመ። እኔም እዚህ ሳሎኔ ውስጥ ለብቻዬ እልል አልኩ። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ እንደተጫነ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁት። ይህን የምናገረው ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ብቻ እንዳይመስል ነው።

እኔ በሙያዬ የቴክኒክ ንድፍ ሠራተኛ ነኝ፤ የማሽን ክፍሎችን እሥላለሁ። የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚሁ ሙኒክ፣ ኢዛር ወንዝ ዳር ነው፤ 15 ዓመት በፊቱ ሳልፍ ኖሬአለሁ። «ጋሼ፣ ይህን ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ እናስመዝግበው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እኔም እንደ እናንተ «ዓለም አቀፍ ፓተንት» የሚባል ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

የለም። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቢሮ ዓለምን ሁሉ የሚሸፍን ፓተንት አይሰጥም። ያለው የፓተንት ትብብር ስምምነት የሚባለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ፤ በ1978 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ከ150 በላይ አባል አገሮች አሉት። ስምምነቱ የሚሰጠው ፓተንት ሳይሆን ወረፋ ነው ብል ይቀላል። አንድ ማመልከቻ ታስገባላችሁ፤ ያስገባችሁበት ቀን በአባል አገሮቹ ሁሉ የእናንተ ቀን ሆኖ ይያዛል። አንድ ቢሮ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ነገር ተሠርቶ እንደሆነ መርምሮ ሪፖርት ይልካል። በ18ኛው ወር ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶት ለሕዝብ ይታተማል። በአብዛኞቹ አገሮች በ30ኛው ወር ወረፋው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፓተንት የምትፈልጉበትን እያንዳንዱን አገር በር ለየብቻ ማንኳኳት ነው፤ በየአገሩ ቋንቋ፣ በየአገሩ ጠበቃ፣ በየአገሩ ክፍያ። በ18ኛው ወር የታተመውን ቁጥር ይዞ «የዓለም ፓተንት አገኘሁ» የሚል ሰው የሠርግ ጥሪ ካርድ ይዞ አገባሁ እንደሚል ሰው ነው።

የጤፍን ጉዳይ ያስታወሰ አንባቢ ይህ አይጠፋውም። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ጤፍን «ከዓለም ላይ ወሰደው» ሲባል ስንት ዓመት ሰማን። ኩባንያው የያዘው ግን በየአገሩ የሚቆጠር መብት ነበር። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሔግ ያለው ፍርድ ቤት በዱቄቱ አሠራር ላይ አዲስ ግኝት የሚያሰኝ ነገር የለም ብሎ ፓተንቱን ሲሽር፣ ውሳኔው የሚሠራው ኔዘርላንድ ውስጥ ብቻ ነበር። መብቱ እንደሚሰጠው ሁሉ የሚወሰደውም በየአገሩ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ማመልከቻውን መሙላት ስንጀምር የመጀመሪያው ግድግዳ ገጠመን። በዚህ ስምምነት ማመልከት የሚችለው የአባል አገር ዜጋ ወይም በአባል አገር የሚኖር ሰው ነው። የአባል አገሮቹን ዝርዝር አወጣሁ። ጅቡቲ አለች፤ ኬንያ አለች፤ ሱዳን አለች። ኢትዮጵያ የለችም። ጋሼ የኢትዮጵያ ዜጋ ነው፤ የሚኖረውም ሾላ ነው። እኔም ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከአመልካቾቹ አንዱ እንኳ አባል አገር ውስጥ ነዋሪ ከሆነ ይበቃል ይላል። ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ አመልካች ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ዜግነት፣ አንዱ መኖሪያ። የጋሼን «ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ» ብዬ ሞላሁ። የእኔን «ኢትዮጵያ፣ ጀርመን» ብዬ ሞላሁ። አራት ዓመት የለፋው ሰው በሩን ማለፍ የቻለው በእኔ የቤት ኪራይ ውል ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኢትዮጵያን ከመሰሉ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ለሚመጣ አመልካች የዓለም አቀፉ ማመልከቻ ክፍያ 90 በመቶ ይቀነሳል። 1,330 የስዊስ ፍራንክ የነበረው ወደ 133 ይወርዳል ማለት ነው። ጋሼ ለዚህ ቅናሽ የተፈጠረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ አመልካቾቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሁሉም፣ እያንዳንዳቸው፣ ቅናሹ የሚገባቸው መሆን አለባቸው። ጀርመን የምኖረው እኔ ስገባ ቅናሹ ወጣ። እኔ ከሌለሁ ማመልከት አይችልም፤ እኔ ካለሁ ቅናሽ የለም። የምርመራውን ክፍያ ጨምሮ ሦስት ሺህ ዩሮ ገደማ ከፈልን፤ ሁለት እጁን እኔ፣ አንድ እጁን እሱ። የእሱ አንድ እጅ ከእኔ ሁለት እጅ እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

መቼም ሰው የሚያዝናናው ነገር አያጣም፤ አንድ ልጨምር። ጋሼ ማብራሪያውን የጻፈው በአማርኛ ነበር፤ ባለ ካሬ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ። እኔ እሱን ወደ ጀርመንኛ ስመልስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አክንባሎን «ክዳን» ስለው ክብሩ የተቀነሰ መሰለኝ፤ «ማሟሸት» ለሚለው ደግሞ ሦስት መስመር ጽፌ አሁንም አልረካሁም። ኋላ ስሰማ ለካ ማመልከቻው በቀጥታ ጄኔቫ ለሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ቢሮ ከገባ በማንኛውም ቋንቋ ይቀበሉታል፤ አማርኛም ቢሆን። ቀኑ ይያዝላችኋል፤ ትርጉሙ በአንድ ወር ውስጥ ይከተላል። ያቺ የእርሳስ ጽሑፍ እንዳለች ብትገባ ቀን ታስይዝ ነበር ማለት ነው። ይህን ቢያንስ ለወጣቱ ንገሩልኝ፤ ቀን ለመያዝ እንግሊዝኛውን እስኪያሳምር መጠበቅ የለበትም።

የምርመራው ሪፖርት የመጣው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። አንድ ሠንጠረዥ አለው። በስተግራ ፊደል፣ በመሐል የተገኘው ሰነድ፣ በስተቀኝ ከማመልከቻችን ውስጥ የትኛውን ነጥብ እንደሚነካ የሚናገር ቁጥር። መጀመሪያ ሁለት የቆዩ የምድጃ ፓተንቶች ተጠቅሰዋል፤ ከጎናቸው «ኤ» ተጽፏል፤ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ናቸው፣ አይጎዱም። ደስ አለኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ኤክስ» ተጽፏል። «ኤክስ» ማለት ማመልከቻችሁን ለመጣል ይህ ሰነድ ለብቻው ይበቃል ማለት ነው። ሰነዱን ለማየት ዓይኔን ወደ መሐል ሳዞር በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አየሁ። የቴሌቪዥኑ ዝግጅት ስም ነው። ከሥሩ የተጫነበት ቀን አለ፤ ከዚያ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ተጠቅሷል። ከፍቼ አየሁት። ጋሼ በሠርጉ ኮት ሁለተኛውን መሳቢያ ሲስብ ይጀምርና ሞላውን መልሶ ሲገጥም ያበቃል።

መርማሪው አማርኛ አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። የጋሼ እጅ ሁሉን ተናግራለች።

ያን ምሽት ስደውልለት ያለኝን አልረሳውም። «የራሴ ሥራ እኮ ነው! ያሳየሁትም እኔው ነኝ። ከማን ሰረቅህ ነው የሚሉኝ?»

«አልሰረቅህም ጋሼ። አስቀድመህ አሳየህ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለሰው ሳላሳይ ማን ይገዛኛል?»

ለዚህ ዛሬም መልስ የለኝም። ሕጉ ግን ይህ ነው፤ በአውሮፓ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ነገሩ በማንም እጅ፣ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ለሕዝብ ከታየ አዲስ መሆኑ ቀረ። ፈጣሪው ራሱ ማሳየቱ ሰበብ አይሆንም። ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ አሉ፤ አንዱ ሌላ ሰው በግልጽ በደል አውጥቶበት ከሆነ፣ ሌላው በይፋ እውቅና በተሰጠው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቶት ከሆነ፣ ያውም በስድስት ወር ውስጥ። የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ከሁለቱም አይደለም። የቴሌቪዥኑ ቀንና የማመልከቻችን ቀን የሚራራቁት አራት ወር ገደማ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ያ «ኤክስ» አይኖርም ነበር።

ሁሉም በር ግን አልተዘጋም ነበር፤ ለዚህ ነው ደብዳቤውን መጻፌ። ጀርመኖች ከፓተንት ዝቅ ያለ፣ እኛ አገር አነስተኛ ፈጠራ የሚባለውን የሚመስል መብት አላቸው፤ ጌብራውክስሙስተር ይሉታል። በዚህ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ያሳየው ነገር አይቆጠርበትም። የእኛ አራት ወር ነው። በዚያ ላይ ከዓለም አቀፉ ማመልከቻ ቅርንጫፍ ሆኖ ሊወጣና የእሱኑ ቀን ሊይዝ ይችላል። በወረቀት አስገባሁት፤ 40 ዩሮ ከፈልኩ፤ ተመዘገበ። ከሦስት ሺሁ ዩሮ ይልቅ ያቺ 40 ዩሮ ፍሬ አፈራች። ጋሼ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

አሜሪካም ክፍት ነበረች። እዚያ ፈጣሪው ራሱ ካሳየ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጡታል፤ የዓለም አቀፉ ማመልከቻ ቀን ደግሞ እንደ አሜሪካ ቀን ይቆጠራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዛ ሐበሻ የሞላውም እዚያ ነው። እዚያ ያለ ጠበቃ የጠየቀንን ዋጋ ለጋሼ ስነግረው ዝም አለ። ከዓመት ገቢው በላይ ነበር። እኔም ያኔ ልጄን ኮሌጅ እያስገባሁ ነበር። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. 30ኛው ወር ሞላ፤ ማንም አልደወለም፤ ማንም አልጻፈም፤ ዝም ብሎ አለፈ።

ደብዳቤ አልጻፈም ስል ከቢሮዎቹ ማለቴ ነው። ማመልከቻው በታተመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሾላም ሙኒክም ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። ዓርማ አለው፣ ማኅተም የሚመስል ነገር አለው፣ የማመልከቻችን ቁጥርና የምጣዱ ንድፍ ሳይቀር ታትሞበታል። «መብትዎ በዓለም አቀፍ መዝገብ እንዲሰፍር» ከ2,000 ዩሮ በላይ ይጠይቃል። ጋሼ ሊከፍል ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ ነው የደወለልኝ። የታተመውን ማመልከቻ እያዩ ለማያውቀው ሰው ሁሉ የክፍያ መጠየቂያ የሚልኩ አጭበርባሪዎች ናቸው፤ የጄኔቫው ድርጅት ራሱ በይፋ ያስጠነቅቃል። ወጣታችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው «ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ» ብላችሁ ዜና እንዳትሠሩት አደራ።

ሌላም ነገር አለ፤ ለኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ምንም አልፈየደም። አገራችን በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረች ዓለም አቀፉ ማመልከቻ አገር ቤት የያዘው ቀን የለም። ለአገር ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለብቻ ማመልከት ነበረበት። ሙኒክን ሳስብ ሾላን ረሳሁ፤ ጋሼ ግን በዚህ አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

የጀርመኑ ምዝገባ ሦስት ዓመት ሞላውና ለማራዘም 210 ዩሮ መክፈል መጣ። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደወልኩለት።

«ጀርመን ውስጥ ምጣድ የሚሠራ ሰው አለ?» አለኝ።

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

«እንግዲያ ማንን ነው የምንከለክለው?»

አልከፈልንም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ዘጋቢዎቻችሁ የፈጠራ ሰው ሲያነጋግሩ ከሁሉ በፊት «ማመልከቻ አስገብተሃል? ቀኑ መቼ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እለምናለሁ። አላስገባም ካለ ታሪኩን ጻፉለት፤ ድካሙን፣ ማሽኑ ለስንት ገበሬ እንደሚደርስ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ ጻፉ። ክዳኑ ግን ይዘጋ። ጥርሱና ወንፊቱ ለሁለተኛው ዜና ይቆይ።

ያኛው እትም ግን ወጥቷል፤ አይመለስም። በአውሮፓ ፓተንት በኩል እንደ ጋሼ ሆኗል። እኔ ከማውቃቸው በሮች የቀረው የጀርመኑ ስድስት ወርና የአሜሪካው አንድ ዓመት ነው፤ ሁለቱም መቁጠር የጀመሩት ጋዜጣችሁ ከወጣበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አሳይቶት ከሆነ ደግሞ ከዚያኛው ቀን። ስልኩ በእጃችሁ ነው። ዛሬውኑ ደውሉና የእትሙን ቀን በወረቀት ላይ እንዲጽፍ ንገሩት። ንድፍ የሚሥልለት ሰው ካጣ አድራሻዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል፤ እኔ ያለ ክፍያ እሥልለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምጣድ ጠጋኙ እህት
ሙኒክ፣ ጀርመን